ሠራተኛው በኦንላይን ሥልጠና «እችላለሁ» እንዲል፦ ለሥልጠና ክፍል ባለሙያዎች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በየቅርንጫፉ ለተበተኑ ሠራተኞች የኦንላይን ሥልጠና ለሚያዘጋጁ የሰው ሀብትና የሥልጠና ክፍል ባለሙያዎች ነው። ምሳሌዎቹን ከባንክ ቅርንጫፍ ወስደናል። አዲስ ሲስተም በገባ ቁጥር ገንዘብ ከፋዩም፣ የብድር ሠራተኛውም፣ ሥራ አስኪያጁም በአንድ ጊዜ እንዲማሩ የሚታዘዙበት ቦታ ነውና። መድረኩን ሙድል (Moodle፣ የኦንላይን ኮርስ የሚሰጥበት ሶፍትዌር) አድርገን ጽፈናል፤ በሌላ የምታሠለጥኑ የቅንብሩን ስም ለውጣችሁ ተጠቀሙበት።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። በራስ መተማመን ሲባል የሰው ጠባይ ይመስለናል፤ «እሷ ደፋር ናት፣ እሱ ዓይን አፋር ነው» እንላለን። ለሥልጠና የሚጠቅመን ግን ጠበብ ያለው ትርጉም ነው፦ ይህን የተወሰነ ሥራ ራሴ እወጣዋለሁ የሚል እምነት። ሃያ ዓመት ብር ስትቆጥር የኖረች ሠራተኛ የደንበኛ ሰልፍ አያስደነግጣትም፤ ያቺው ሴት ስክሪኑ «የይለፍ ቃል ስህተት ነው» ሲላት እጇን ትሰበስባለች። የተለወጠው ሥራው እንጂ እሷ አይደለችም። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ይህን እምነት ለብቻው ለይቶ ሲያጠናው ከአራት ምንጮች እንደሚቀዳ አስረድቷል፦ ራስ ሠርቶ ከማየት፣ እኛን የሚመስል ሰው ሲሠራ ከማየት፣ ከምናምነው ሰው ቃል፣ ከገዛ ሰውነታችንና ስሜታችን ሁኔታ። ጉልበቱ የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። የማበረታቻ ንግግር ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ለብቻውም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ሰው በቶሎ ሠርቶ እንዲያይ መንገዱን ስለ መጥረግ ነው።

1. ሥራውን ቆራርጣችሁ መጠይቁን ጻፉ

«በኦንላይን ሥልጠና ምን ያህል ትተማመናለህ?» የሚል ጥያቄ ምንም አይነግራችሁም። ሠራተኛው ምኑን እንደሚፈራው መለየት አለበት። ሥልጠናው የሚጠይቀውን ከ8 እስከ 12 ተግባር ቆራርጡና እያንዳንዱን «እችላለሁ» በሚል ግሥ ጻፉ። «አደርጋለሁ» አትበሉ፤ እሱ ሐሳብን እንጂ ችሎታን አይጠይቅም። መልሱ ከ0 እስከ 100 በአሥር በአሥር ይሁን፦ 0 በፍጹም አልችልም፣ 50 ምናልባት እችል ይሆናል፣ 100 ያለ ጥርጥር እችላለሁ።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄድ ምሳሌ፦

- ያለ ረዳት በራሴ ስልክ መግባት እችላለሁ።
- ትምህርቱ ሲቋረጥ ካቆምኩበት መቀጠል እችላለሁ።
- ኔትወርክ ሲጠፋ የመለስኩት መቀመጡን ማረጋገጥ እችላለሁ።
- የገቢ ሰነድ በአዲሱ ሲስተም መመዝገብ እችላለሁ።
- የተሳሳተ መጠን መዝግቤ ከሆነ ስህተቱን ለይቼ ማስተካከያ መጠየቅ እችላለሁ።
- ደንበኛ ፊት ለፊቴ ቆሞ እየጠበቀ ይህንኑ ማድረግ እችላለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስለ መድረኩ፣ የኋለኞቹ ስለ ሥራው ናቸው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። ሥራውን ከማንም በላይ የምታውቅ ሠራተኛ መድረኩ ላይ ብቻ ዝቅ ስትል የሚያስፈልጋት የግማሽ ሰዓት እርዳታ ነው፤ ሁለቱ ተደባልቀው ሲለኩ ግን «ሥልጠናው ከብዷታል» ተብሎ ይመዘገባል። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ከሆነ የቋንቋውን ጉዳይ በአንድ የተለየ መስመር ጠይቁ፤ የቋንቋ ፍርሃት ብዙ ጊዜ የኮምፒውተር ፍርሃት መስሎ ይታያል።

በቁጥር መመለስ ለማያውቁ አንድ ማለማመጃ አስቀድሙ፦ «10 ኪሎ ጤፍ ተሸክሜ 20 ሜትር መሄድ እችላለሁ፤ 25 ኪሎ፤ 50 ኪሎ፤ አንድ ኩንታል።» ቁጥሩ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር መውረድ እንዳለበት ሁሉም ወዲያው ይገባዋል። ለሁሉም 100 የጻፈ ካለ ጥያቄው አልገባውም፤ ወይም ፈርቷል።

የመፍራቱ ነገር ደግሞ በእናንተ እጅ ነው። መጠይቁ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ ለዕድገት ወይም ለዝውውር የሚውል መስሎ ከታየ ሁሉም 90 እና 100 ይጽፋል፤ መረጃው ዋጋ የለውም። በስም ፈንታ ሠራተኛው ራሱ የሚመርጠው ባለ 4 አኃዝ ኮድ ይጠቀም፤ ከዘጠኝ ወር በኋላም የማይረሳው ቁጥር ይሁን። ቅጹ አናት ላይ ማን እንደሚያየው፣ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ መቼ እንደሚጠፋ በሁለት መስመር ጻፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ከመልካም ፈቃድ ያለፈ ጉዳይ ነው።

ውጤቱን ስታነቡ አማካይ አትያዙ፤ አማካይ ሁሉንም ያለባብሳል። በየመስመሩ እዩ። ከ40 በታች የብዙ ሰው መልስ ያለበት መስመር ኮርሱ ውስጥ ተጨማሪ ልምምድ ይፈልጋል። አንድ ሰው ብቻ ዝቅ ካለበት ደግሞ የኮዱ ባለቤት ራሱ እንዲደውልላችሁ ጋብዙ፤ የስልክ ጥሪ ይበቃዋል።

2. በሩን አስቀድማችሁ ክፈቱ

ሠራተኛ በራሱ ላይ እምነት የሚያጣው ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነው። የመጀመሪያ ሙከራው ካልተሳካ «ይሄ የልጆች ነገር ነው፣ የእኔ ጊዜ አልፏል» ብሎ ይዘጋዋል፤ ያንን ቃል አንዴ ለባልደረቦቹ ከተናገረው ደግሞ መመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት በፊት እነዚህን ጨርሱ።

መለያውን እናንተ ክፈቱላቸው፤ ተመዝገቡ አትበሉ። የመጠቀሚያ ስሙ ስልክ ቁጥራቸው ቢሆን ይሻላል። የአበሻ ስም በላቲን ፊደል ሦስትና አራት ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ሠራተኛው መታወቂያው ላይ እንዳለው ሲጽፍ ሲስተሙ ግን ደመወዝ መዝገብ ላይ እንዳለው ይጠብቃል። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን መስክ «የአባት ስም» ብላችሁ ቀይሩት።

የይለፍ ቃል ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ሙድል ሲጫን ቢያንስ 8 ቁምፊ፣ አንድ አኃዝ፣ አንድ ትንሽ ፊደል፣ አንድ ትልቅ ፊደልና አንድ ልዩ ምልክት ይጠይቃል። በስልክ ኪቦርድ ላይ ይህ ለጀማሪ መከራ ነው፦ ስልኩ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርገዋል፤ ከቴሌግራም ሲቀዳ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ይለጠፋል። በደኅንነት ቅንብሩ ውስጥ የልዩ ምልክቱን ግዴታ አንስታችሁ ርዝመቱን ወደ 10 ወይም 12 ብታሳድጉ ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በምትሰጡት ቃል ውስጥ ዜሮና የላቲኑ «ኦ»፣ አንድና የላቲኑ ትንሹ «ኤል» አይኑሩ፤ በወረቀት ላይ አይለዩም።

ሰዓት ሌላው ወጥመድ ነው፣ እሱም ሳይታወቅ ብዙ ሰው ይጥላል። ስክሪኑ ፈተናው 12:00 ላይ ይዘጋል ቢል፣ መድረኩ የሚለው ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው የሚያነበው ከምሽቱ 12 ሰዓት። ከሥራ በኋላ እሠራዋለሁ ብሎ ሲገባ ፈተናው ከተዘጋ ስድስት ሰዓት ያህል ሆኖታል፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብሎም ያምናል። መዝጊያውን ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፦ «ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ 18:00።» ቀኑንም እንዲሁ በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጡ። የሰርቨሩ የሰዓት ክልል አዲስ አበባ መሆኑን አረጋግጡ።

የዳታ ሒሳብ አስሉ። ቪዲዮ በሴኮንድ 500 ኪሎቢት ሆኖ ከተጨመቀ 5 ደቂቃው ወደ 19 ሜጋባይት ይመዝናል፤ ያው ትምህርት በድምፅ ብቻ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ቢሆን 2.4 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቪዲዮ የድምፅ ቅጂና ባለ ሥዕል ጽሑፍ አዘጋጁ። የሙድል የስልክ መተግበሪያ ኮርሱን በቅርንጫፉ ዋይፋይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመማር ያስችላል። ፈተናንም ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን እናንተ ፈተናው ላይ መፍቀድ አለባችሁ፣ የጊዜ ገደብም ሊኖረው አይገባም። ዳታ ከሠራተኛው ኪስ የሚወጣ ከሆነ ፓኬጅ ግዙለት። ካርዴ አለቀ የሚል ሐሳብ ያለበት ሰው ቪዲዮውን ሁለተኛ ጊዜ አያይም፤ ሁለተኛ ካላየ እንደገና አይሞክርም።

በመጨረሻም ሁሉን ነገር በራሳችሁ ላፕቶፕ ሳይሆን ቅርንጫፉ ውስጥ ባለ ርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ በቀን ሠራተኛው በሚማርበት ሰዓት ሞክሩ።

3. የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በእውነተኛ ሥራ ጀምሩ

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከ40 ደቂቃ አይብለጥ፤ በመጀመሪያው 10 ደቂቃ ውስጥ ሠራተኛው አንድ ነገር ሠርቶ ጨርሶ ይይ። የዳይሬክተሩ ሰላምታ፣ የኮርሱ ዓላማና ታሪክ ሁሉ ወደ ኋላ ይሂድ። የሚሠራውም የእውነት ሥራ ይሁን። «ይህን ቁልፍ ተጫን» ብሎ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚል ስክሪን ለአዋቂ ሰው እንደ ስድብ ነው። አንድ የገቢ ሰነድ በሲስተሙ የልምምድ ቅጂ ላይ መዝግቦ ደረሰኙን ስክሪንሾት አድርጎ መላክ፣ ያ ሥራ ነው።

ከዚያ ድጋፉን እየቀነሳችሁ ሂዱ። በመጀመሪያ ሙሉ በሙሉ የተሠራ ምሳሌ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደሆነ ተጽፎ። ቀጥሎ የመጨረሻው እርምጃ ብቻ የጎደለ። ቀጥሎ ግማሹ የጎደለ። በመጨረሻ ባዶ ስክሪንና የደንበኛ ሰነድ። ለአንድ ተግባር እነዚህ አራቱ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይወስዳሉ። ብዙ ኮርስ ከመጀመሪያው በቀጥታ ወደ አራተኛው ይዘላል፤ ሠራተኛው የሚወድቀው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሁሉን ነገር ማቅለልም አደጋ አለው። በቀላል ነገር ብቻ ተሳክቶለት የመጣ ሰው በመጀመሪያው ከባድ ቀን እምነቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ስህተትን ራሱን የትምህርቱ ክፍል አድርጉት፦ «አሁን ሆን ብላችሁ 5,000 ብሩን 50,000 ብላችሁ መዝግቡ። ሲስተሙ ምን አለ? እንዴት ትመልሱታላችሁ?» ስህተት ሠርቶ የመለሰ ሰው ጠረጴዛው ላይ ሲሳሳት አይደነግጥም፤ መንገዱን ያውቀዋል። ለዚህ ከእውነተኛው ሲስተም ፈጽሞ የተለየ የልምምድ ቅጂ ያስፈልጋል። ሠራተኛውም «እዚህ የምነካው ምንም የሰው ገንዘብ አያበላሽም» ብሎ እንዲያምን ገጹን በሌላ ቀለም ቀቡት፣ አናቱ ላይም በትልቁ «ልምምድ» ብላችሁ ጻፉ። የአይቲ ክፍላችሁ የልምምድ ቅጂ አይቻልም ካለ ሥልጠናውን ብታዘገዩ ይሻላል። ያለ እሱ የሚቀረው ቪዲዮ ማየት ብቻ ነው።

4. አርአያ የሚሆነውን ሰው በጥንቃቄ ምረጡ

የአይቲ ክፍሉ ወጣት በሁለት ደቂቃ ጨርሶ የሚያሳይበት ቪዲዮ የ52 ዓመቷን ሠራተኛ አያበረታታትም፤ «እሱማ ልጅ ነው» ትላለች፣ ልክም ናት። የሚጠቅማት በዕድሜም በሥራ መደብም የምትመስላት ባልደረባ ናት፤ ያውም መጀመሪያ የተቸገረች።

በስልክ የተቀረጸ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃል። ሠራተኛዋ የሒሳብ ቁጥር አሳስታ ስትጽፍ፣ ሲስተሙ ሲከለክላት፣ «ቆይ፣ አንድ አኃዝ ጎድሏል መሰለኝ» ብላ ስታርም ይታይ። ያንን ቦታ ቆርጣችሁ አታውጡ፤ ቪዲዮው የሚሠራው በእሱ ነው። ከመቅረጻችሁ በፊት የት እንደሚታይ ነግራችሁ ፈቃዷን በጽሑፍ ውሰዱ። የእውነተኛ ደንበኛ ስምና ሒሳብ ስክሪኑ ላይ እንዳይገባ በልምምድ ቅጂው ላይ ቅረጹ።

5. ቃላችሁን መጥኑ

«በጣም ቀላል ነው» የሚለውን ከኮርሱ ሁሉ ፈልጋችሁ አውጡ። ቀላል የተባለው ነገር ያቃተው ሰው ሁለት ጊዜ ያፍራል። «መጀመሪያ ላይ ያደናግራል፤ በሦስተኛው ሙከራ እጅዎ ይለምደዋል» ቢባል ይሻላል።

ምላሽ ስትሰጡ የሠራውን ነገር ለይታችሁ ጥቀሱ። «ጎበዝ፣ በርታ» ብቻ ከሆነ ለሁሉም የሚላክ መሆኑን ሰው ያውቃል። ይልቅ፦ «እትዬ፣ መጠኑን ከማጽደቅዎ በፊት ከሰነዱ ጋር አመሳክረዋል፤ ስህተቱን ያገኙትም በዚያ ነው። የቀረው የቀኑ አጻጻፍ ብቻ ነው፤ ወሩን ቀድመው ያስገቡና ደግመው ይላኩልኝ።» በዚህ ውስጥ ምን እንደተሳካ፣ ለምን እንደተሳካ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አለ። ምላሹ በ24 ሰዓት ውስጥ ይድረስ። ከሦስት ቀን በኋላ የመጣ እርማት የተረሳ ነገር ላይ ያርፋል።

አንጋፋ ሠራተኛን በቴሌግራም ግሩፕ ፊት አታርሙ። በውስጥ መስመር ጻፉ፣ ካልሆነም ደውሉ። አብሮ የሚሠራ የልጅ ልጅ የሚያክል ወጣት ባለበት ግሩፕ «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» የተባለ ሰው ቀጥሎ አይጠይቅም፤ ዝም ይላል። የደረጃ ሰንጠረዥም አታውጡ። ከላይ ያሉት አምስቱ ቀድሞም አያስፈልጋቸውም፤ ከታች ያሉት ደግሞ ስማቸው እዚያ ላይ እስካለ ኮርሱን አይከፍቱም።

6. ድንጋጤውን ቀንሱ

ልብ ሲመታና እጅ ሲያልብ ሰው «አለመቻሌ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ብዙው ምክንያት ግን የሚነሳ ነው። በልምምድ ፈተና ላይ ሰዓት ቆጣሪ አይኑር፤ ሙከራውም ያልተገደበ ይሁን። በቀጥታ ስብሰባ ካሜራ በፈቃድ ይሁን፤ ማይክ ለሚፈራ በጽሑፍ መመለስ ይፈቀድ። መብራት ቢጠፋ የሠራሁት ይጠፋል ብለው እንዳይሰጉ ሙድል በነባሪ ቅንብሩ የፈተና መልስን በየ60 ሴኮንዱ እንደሚያስቀምጥ ንገሯቸው። ከመንገር በላይ ደግሞ አሳዩአቸው፦ ሁለት ጥያቄ እንዲመልሱ፣ አንድ ደቂቃ ያህል እንዲጠብቁ፣ ዳታ እንዲያጠፉ፣ ተመልሰው ገብተው እንዲያዩ።

ጊዜው ከሥራ ሰዓት ውስጥ ይመደብ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ፣ ጠዋት። ሒሳብ ተዘግቶ ሁሉም በደከመበት ሰዓት የሚሰጥ ሥልጠና ድካምን ከአለመቻል ጋር ያደባልቃል። ቦታውም ደንበኛ የማያይበት ይሁን። ሥራ አስኪያጁን በግል አነጋግሩት፤ በዚያ 45 ደቂቃ «አንዴ ነይና ይሄን ጨርሽልኝ» ካለ የተመደበው ጊዜ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

7. «እኔ ልጨርስልዎት» የሚለውን በጊዜ አስቁሙ

ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ደግ የሚመስል ልማድ ነው። ወጣቱ ባልደረባ ለታላቁ ሲል ይገባል፣ ይጫናል፣ ይፈተናል፤ ሰርተፊኬቱ ይወጣል። መዝገቡ ላይ ሠልጥኗል። ሠራተኛው ግን አሁን ሁለት ነገር ያውቃል፦ አለመቻሉን፣ አለመቻሉንም መደበቅ እንዳለበት። ሲስተሙ በይፋ ሥራ ሲጀምር ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ነው።

ምልክቶቹ ይታያሉ። ሦስት ሰው ከአንድ ኮምፒውተር በተከታታይ ደቂቃዎች ይጨርሳል፤ የ40 ደቂቃ ኮርስ በ6 ደቂቃ ያልቃል፤ መልሱ እስከ ስህተቱ አንድ ይሆናል። ስታገኙት ግን ወደ ቅጣት አትሩጡ፤ ቅጣቱ መደበቁን ያጠነክረዋል። መረዳዳቱን ራሱን ሥርዓት አስይዙት። በየቅርንጫፉ አንድ ረዳት መድቡና አንድ ሕግ ስጡት፦ ማውዙንና ስልኩን አይነካም። በአፍ ያስረዳል፣ በጣት ያሳያል፣ ይጠብቃል። መጠበቁ ነው የሚከብደው፤ ስለዚህ ረዳቱን ለ30 ደቂቃ አለማምዱት፦ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ «እስካሁን የት ደረሱ?» ይበል፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ብቻ ይንገር፣ ከዚያ 20 ሴኮንድ ዝም ይበል።

8. እምነቱን ከችሎታው ጋር አመዛዝኑ

ግባችን ሁሉም 100 እንዲል አይደለም። እችላለሁ ብሎ የማይችል ገንዘብ ከፋይ ጉድለት ያመጣል። እምነቱ ከሥራው ጋር ሲገጥም ነው የሚጠቅመው።

ሙድል ለዚህ የሚሆን የፈተና ዓይነት አለው፤ በርግጠኝነት ደረጃ ነጥብ የሚሰጥ። ሠራተኛው መልሱን ከመረጠ በኋላ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ይመርጣል፦ ከ67 በመቶ በታች፣ ከ67 በላይ፣ ወይም ከ80 በላይ። ትክክል ከሆነ እንደየደረጃው 1፣ 2 ወይም 3 ያገኛል፤ ከተሳሳተ 0፣ ሲቀነስ 2፣ ወይም ሲቀነስ 6። በዚህ መሠረት ያላወቀውን «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ያዋጣዋል። ለልምምድ ብቻ አውሉት፤ ለማለፊያ ውጤት ከዋለ ያቺ ሲቀነስ 6 ፈሪውን ጭራሽ ታስፈራዋለች። ለእናንተ የሚጠቅመው ዝርዝሩ ነው። ትክክል መልሶ ሁልጊዜ ዝቅተኛውን የሚመርጥ ሠራተኛ ትምህርት አያስፈልገውም፤ መልሶቹን ቆጥራችሁ አሳዩት፦ «ከ15ቱ 13ቱን አግኝተዋል፤ እርግጠኛ ነኝ ያሉት ግን 2 ብቻ ነው።» በቁጥር የታየ ነገር ከማንኛውም ማበረታቻ ይበልጣል። እርግጠኛ ሆኖ የሚሳሳተውን ደግሞ ወደ ልምምድ ቅጂው መልሱትና ስህተቱ የሚያስከትለውን በሰነድ እንዲያይ አድርጉ።

መጠይቁን ሦስት ጊዜ አስሞሉ፦ ከሥልጠናው በፊት፣ በመጨረሻው ቀን፣ ሥራው ላይ ከዋሉ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ። በመጨረሻው ቀን አንዳንዱ ቁጥር ከመጀመሪያው ቢወርድ አትደንግጡ። ሠራተኛው መጀመሪያ 80 ያለው የማያውቀውን ስላላወቀ ሊሆን ይችላል፤ አሁን 60 ሲል ሥራው ምን እንደሚጠይቅ አይቷል። ይህን ለመለየት በዚያው ቀን አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ «አሁን ሲያስቡት፣ ያኔ በእውነት ስንት ነበሩ?»

በሦስተኛው ጊዜ ዋናውን ነገር የምታዩት ከቅጹ ውጭ ነው። ቅርንጫፉ በተጨናነቀ ሰዓት አጠገብ ተቀምጣችሁ ሦስት ግብይት እዩ፤ ስትመለከቱ አትርዱ፣ አትጻፉ። ሠራተኛው ሲሳሳት መጀመሪያ ወዴት እንደሚያይ አስተውሉ፦ ወደ ስክሪኑ ነው ወይስ ወደ ጎረቤቱ? ወደ ጎረቤቱ ያየበትን ተግባር መዝግቡና ለዚያች አንድ ተግባር ብቻ የ30 ደቂቃ ልምምድ በማግስቱ ጠዋት ያዙለት።